በሁለት መስታወት የሚቆረጥ ፀጉር

መርማሪው በሙያው ፀጉር ቆራጭ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ገና ጨርቁ አንገቱ ላይ ሳይታሰር የት እንደሚሠራ፣ ለምን እንዳላገባ፣ የግራ ጫማው ተረከዝ ከቀኙ ቀድሞ ለምን እንዳለቀ ይጠየቃል። የሚገርመው ደግሞ የሚቆጣ የለም። ፀጉሩን የሚቆረጥ ሰው ከቆራጩ ጋር ፊት ለፊት አይተያይም፤ የሚተያዩት በመስታወት ነው። በመስታወት ሲሆን የሆድን ማውጣት ይቀላል። መርማሪው ይህን ማንም ሳይነግረው ደርሶበታል። ወሬኛ ነው ለማለት ግን አትቸኩሉ። ወሬኛ የሚጠይቀው ለማውራት ነው፤ እሱን የሚከነክነው ነገሩ ራሱ ነው፤ ያልገባው ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስደውም። የገባውን አያወራም ብዬ ግን አልዋሽም። ሆዱ ወሬ አያሳድርም።

ፀጉር ቤቱ በጫማ ጠጋኙና በፎቶ ቤቱ መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ መስታወት፣ ሁለት የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ ተራ ለሚጠብቅ አንድ አግዳሚ፣ ከላይ ደግሞ እያቃሰተ የሚዞር ማራገቢያ አለ። ባለቤቷ እትዬ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ቤቱን ወረሱ። መቀስ ጨብጠው አያውቁም፣ ግን ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው የደንበኛው ፀጉር በአንድ ጎን ጥፍር ታህል ከበለጠ «ና ተመለስ አንተ!» ብለው ከመንገድ ይጠሩታል። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ ግማሽ የተቆረጠ ራስ ከዚህ በር አይወጣም። መብራት ቢጠፋ እንኳ በመቀስ ይጨረሳል። እትዬ በዚህ ቀልድ አያውቁም።

በሁለተኛው ወንበር የሚሠራው ባለመስታወቱ ነው። ደንደን ያለ ትከሻ፣ ሰፊ መዳፍ፣ ቁጥብ አንደበት ያለው ሰው ነው። ሕፃናት እሱ ዘንድ አያለቅሱም፤ ከጀርባ ድንገት አይመጣባቸውም፤ «አሁን ጆሮህን ላጥፍ ነው፣ እሺ?» እያለ አስፈቅዶ ነው የሚቆርጣቸው። አዋቂዎቹንም ያስፈቅዳል። «ጨርቁን ላስርልህ?» ይላል፣ ከዚያ ቆሞ መልሱን ይጠብቃል። መርማሪው በዚህ ስቆ አይጠግብም።

«ፀጉር ሊቆረጥ የመጣን ሰው ጨርቅ ላስርልህ ወይ ማለት ምግብ ቤት የገባን ሰው ልትበላ ነው ወይ ማለት እኮ ነው!» ይለዋል።

«የማይበላም ይገባል» ይላል ባለመስታወቱ፣ ማበጠሪያውን እያራገፈ።

ባለመስታወቱ የተባለው ፀጉሩን ራሱ ስለሚቆርጥ ነው። በሙያው ያለ ሁሉ እንደሚያውቀው ፀጉር ቆራጮች እርስ በርስ ነው የሚቆራረጡት። ሰኞ ጠዋት ገበያ ሲቀዘቅዝ አንዱ ይቀመጣል፣ ሌላው ይቆማል፣ ቀጥሎ ይቀያየራሉ። መርማሪውም ለዓመታት ራሱን ለባለመስታወቱ ሲሰጥ ኖሯል። ባለመስታወቱ ግን አንድም ቀን አልተቀመጠለትም። ለትልቁ መስታወት ጀርባውን ይሰጥና በግራ እጁ ትንሿን መስታወት ይይዛል፤ ቀኝ እጁን በማሽኑ ወደ ማጅራቱ አዙሮ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ በሚታይበት ምስል እየተመራ ይቆርጣል። ሞክሩት፤ ጆሮ የሚያስቆርጥ ሥራ ነው። እሱ ግን ውልፍት አይልም።

ለምን? ይህ ጥያቄ መርማሪውን ሲበላው ኖረ። መጀመሪያ ራሱ ላይ የሚደብቀው ጠባሳ አለ ብሎ ገመተ፤ ፈልጎ አጣው። ቀጥሎ ስለት ተስሎ ይሆናል አለ። ቀጥሎ እጄን ንቆት ነው ብሎ ለሳምንት ያህል አኮረፈ። እትዬ «ኩራት ነው» ይላሉ። ጫማ ጠጋኙ «ይኮረኩረዋል» ባይ ነው። ሌላም ነገር ነበር፤ ባለመስታወቱ የቤቱ መዝጊያ ገርበብ ካለ ተነስቶ ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ሱቅ ሲዘጋ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ መንገድ ላይ ነው። መርማሪው እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ አይቷቸዋል፤ ጎን ለጎን ማስቀመጡን ግን አላሰበበትም።

ከዕለታት አንድ ሰኞ እትዬ የታመመ ሊጠይቁ ሄዱ። ደንበኛ ድርሽ አላለም። ባለመስታወቱ የራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ የመቀሱን መጋጠሚያ ዘይት ይቀባል። መርማሪው ከኋላው አግዳሚው ላይ ተጋድሞ ያችን ማጅራት ሲያይ ሲያይ ትዕግስቱ አለቀ። ቀስ ብሎ ተነሳ። ጨርቁን እንደ ልማዱ በአየር ላይ አንድ ጊዜ አርገፈገፈና ከኋላ ጣል አድርጎበት ማጅራቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ አሰረ።

«ዛሬማ አትተርፍም!» ብሎ እየሳቀ ማሽኑን አስነስቶ ከማጅራት ወደ ላይ አንድ መስመር ሞሸለቀው።

ይታገለኛል ብሎ ነበር የጠበቀው። ወንበሩ ይሽከረከራል፣ ሰውየው ይሳደባል፣ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ያሰበው እንዲህ ነበር። ባለመስታወቱ ግን አልተንቀሳቀሰም። መርማሪው ቀና ብሎ በመስታወቱ ውስጥ አየው። ዓይኖቹ ተከፍተዋል፣ የሚያዩት ነገር ግን የለም። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። መቀስ የጨበጠው ቡጢ በጨርቁ ሥር ጉብ ብሎ ይታያል። ያ ሁሉ ትከሻ፣ ያ ሁሉ ክንድ፣ ከወንበሩ ጋር እንደተሠራ ደርቆ ቀረ። ማሽኑ ብቻ ነው የሚጮኸው።

መርማሪው ማሽኑን አጠፋ። «ኧረ ቀልድ ነው...» አለ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ባለመስታወቱ ከቆይታ በኋላ ተነሳና ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ኮፍያው ግድግዳ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ በሩን አልፎ ወጣ። በማግስቱ ሥራ አልገባም። እትዬ «ምን ሆነ?» ሲሉ መርማሪው «አሞታል» አለ። ከሚያውቀው ያነሰ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ታላቅ እህቱ በጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ያን ዕለት ወደ እሷ ሄደና የሆነውን እንደ ቀልድ ጀምሮ ነገራት። እሷ ልብስ እያጣጠፈች ሰማችው፤ አልሳቀችም።

«ከኋላው መጥተህ አሰርከው?»

«ጨርቅ እኮ ነው እታለም። ገመድ አይደል።»

«ላንተ ጨርቅ ነው።»

«ሄጄ ምን እንደሆነ ልጠይቀው አይደል?»

«አትጠይቅም።»

«እንዴት አልጠይቅም!»

እህቱ ልብሱን አስቀመጠች። «የምትጠይቀው ለእሱ ብለህ ነው ላንተ ብለህ? እኔ ምን እንዳገኘው አላውቅም፤ አልገምትም፤ አንተም አትገምት። ግን እኛ ጋ ወገቤን አመመኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብለው የሚመጡ ወንዶች አሉ። መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል፣ አመስግነው ይነሳሉ። ዋናውን ነገር የሚናገሩት የበሩን እጀታ ከያዙ በኋላ ነው። አንዳንዱ እጀታውን ይዞ ይቆምና ሳይናገር ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከዚያ በፊት የነገሩት ሰው ስቆባቸዋል።»

መርማሪው ከፊቷ ካለው ክምር አንድ ሸሚዝ አንስቶ ማጠፍ ጀመረ።

«ሂድና ያጠፋኸውን ብቻ ይቅርታ በል። ከዚያ አፍህን ዝጋ። ካልነገረህ መብቱ ነው። ከነገረህ እመነው፤ ለምን እንዲህ አላደረግክም፣ ለምን እንዲያ አላልክም አትበለው። እንዲህ አድርግ ብለህም አትዘዘው፤ በቂ ታዟል። እኛ ጋ የምታዳምጥ አማካሪ እንዳለች ብቻ ንገረው። ላንድም ሰው ደግሞ እንዳታወራ፤ ለኔም ቢሆን።»

«ላንቺም?» አለ መርማሪው። ከሁሉ የከበደው ይህኛው ነበር።

ባለመስታወቱ የሚኖረው ግቢ ውስጥ በረጅም መተላለፊያ ዳር ከተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች በአንዱ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋው ግድግዳውን ተጠግቷል፣ ብቸኛዋ ወንበር ወደ በሩ ዞራለች። መርማሪው ደፉ ላይ ሲቆም ጓደኛው ራሱን ሙልጭ አድርጎ ላጭቶ አገኘው። ያችን አንድ መስመር ለማጥፋት ሁሉንም ማንሳት ነበረበት። ጨርቁ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ የመቀስና የማበጠሪያ ቦርሳው ተዘግቷል።

«እሱን ለእትዬ ስጥልኝ» አለ ባለመስታወቱ ወደ ጨርቁ እያመለከተ። «እኔ ሌላ ቦታ ሥራ እፈልጋለሁ።»

መርማሪው ቦርሳውን አየ። ይህ ሰው ጎኑ የማይቆምበት ፀጉር ቤት ምን እንደሚመስል እስከዚያች ደቂቃ አስቦት አያውቅም። አንድ ሺህ ጥያቄ አፉ ላይ መጣ። ምላሱን ነከሰ።

«ሳላስፈቅድህ ነካሁህ» አለ። «ከኋላህ መጥቼ አሰርኩህ። ቀልድ አልነበረም፤ ለኔ ብቻ ነው ቀልድ የነበረው። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ።»

ከዚያ የሚለው አለቀበትና ወጥቶ ከደጁ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ለምን ተነስቶ እንዳልሄደ እሱም አያውቅም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ባለመስታወቱ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለቱም ፊት ለፊታቸው የተሰጣውን የጎረቤት አንሶላ ያያሉ። በመስታወት እንደመነጋገር ያለ ነገር ነበር።

«አትጠይቀኝም?» አለ ባለመስታወቱ።

«አልጠይቅህም።»

«ታመሃል እንዴ?»

መርማሪው ሊስቅ ፈልጎ አቃተው። አንሶላው ነፋስ እየገባበት ይነፋል፣ ይወድቃል። ባለመስታወቱ ዓይኑን ከአንሶላው ላይ ሳያነሳ ጀመረ።

«ሙያውን የተማርኩት ሌላ ከተማ ነው። ሙሉ ሰው ነበርኩ፤ ልጅ አልነበርኩም። የቤቱ ባለቤት አገር የሚያከብረው ሰው ነው። እንደ አባት ነበር የማየው። አንድ ቀን ሱቁ ሲዘጋ፣ ና ተቀመጥ፣ ፀጉርህን ላስተካክልልህ አለኝ። እኛ እርስ በርስ አይደል የምንቆራረጠው? ተቀመጥኩ። መዝጊያውን ዘጋው። ጨርቁን አሰረብኝ።»

ዝም አለ። መርማሪው አላቋረጠውም።

«ደፈረኝ» አለ ባለመስታወቱ። «ቃሉን ስናገረው ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ለወንድሜ ነገርኩት። ሳቀ። ወንድ ልጅ እንዴት ይደፈራል አለኝ። አንተን የሚያህል ወንድ፣ አለኝ። ደግሞ እኮ እሱ ያላወቀው አለ። መቀስ ይዤ ነበር። ገና እየጠረግኩት ነበር ና ተቀመጥ ያለኝ። ያ ሁሉ ሲሆን መቀሱ በእጄ ነበር። እሱ ሽማግሌ፣ እኔ ይኸው እንደምታየኝ። እጄን አላነሳሁም። አልጮህኩም። እና እስከ ዛሬ ማታ ማታ ራሴን እጠይቃለሁ። ፈልጌ ይሆን እንዴ? መቀስ የያዘ ሰው ዝም የሚለው ለምንድን ነው?»

መርማሪው የእህቱን ምክር አልዘነጋም። ግን ይህ ጥያቄ ለእሱ የቀረበ ነበር፤ መልሱንም ያውቀዋል። በሕይወቱ ለጠየቀው ጥያቄ ሁሉ መልስ ሲቃርም ኖሮ፣ ይህኛውን መልስ ግን ሳይፈልገው በዓይኑ በብሌኑ አይቶታል።

«አየሁህ እኮ» አለ።

«ምኑን?»

«ሰኞ ዕለት። ጨርቁን ስጥልብህ መቀስ በእጅህ ነበር። በመስታወቱ ፊትህን አየሁት። ወደኋላ አንዴ ብትሰነዝር እኔ አልቆልኝ ነበር። አልሰነዘርክም። አልጮህክም። ጣትህ እንኳ አልተነቃነቀም።» ወደ እሱ ሳይዞር ቀጠለ። «ፈልገህ ነበር?»

ባለመስታወቱ ዞሮ አየው።

«እንድቆርጥህ ፈልገህ ነበር?»

«አልፈለግኩም።»

«ታዲያ ዝም አልክ። ዝም ማለትህ እሺ ማለት አልነበረም። እኔ ነኝ ምስክሩ፤ ጥፋተኛውም እኔው ነበርኩ። ሰውነትህ ደረቀ እንጂ አንተ አልፈቀድክም። ያን ጊዜም እንደዚያው ነው። የዚያ ሰው ሥራ የዚያ ሰው ነው። አምንሃለሁ።»

ባለመስታወቱ ሁለት ሰፊ መዳፎቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መርማሪው እጁን ሊጭንበት አነሳና አየር ላይ አቆመው። «ትከሻህን ልያዝህ?» አለ። ሰውየው ፊቱን ሳይገልጥ ራሱን ነቀነቀ፤ ያኔ ያዘው። መርማሪውም አለቀሰ። ለምን ይደበቃል? አንሶላውን ልትሰበስብ የወጣችው ጎረቤት ሁለት ትልልቅ ሰዎች ደረጃ ላይ ሲያለቅሱ አይታ አንሶላዋን ትታ ተመልሳ ገባች።

ከመለያየታቸው በፊት መርማሪው አንድ ነገር ብቻ አከለ። «እህቴ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለውን የምታዳምጥ አማካሪ አለች። ወንዶችም ይመጣሉ አሉ። ላንተ ብዬ ጠይቄ አይደለም፤ የነገርከኝንም ለእሷ አልነግራትም። ብትፈልግ በሩ ክፍት ነው። ባትፈልግም እንደፈለግክ።»

ባለመስታወቱ ያ ሳምንት ሳያልቅ ቦርሳውን ይዞ ተመለሰ። እትዬ መላጣ ራሱን አይተው «ምነው ልጄ፣ እንቁላል መስለህ መጣህ?» አሉ፤ እሱም «ሙቀቱ» አለ። ሰውየው ሲወጣ ጠብቀው ወደ መርማሪው ዘወር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ምን ሆኖ እንደሰነበተ ጠየቁት።

«አልጠየቅኩትም» አለ መርማሪው።

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። እትዬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አንተ? ሳትጠይቅ?» መርማሪው አብሯቸው ሳቀና ማሽኑን ማጽዳቱን ቀጠለ። ያን ቀን ሆዱ ያሳደረው ነገር ክብደቱን እሱ ብቻ ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላም አሳደረው።

ብዙ ሳይቆይ ባለመስታወቱ «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አልኖርም» አለው። «አንዲት ሰው ጋ እሄዳለሁ።» መርማሪው «ደንበኞችህን እኔ እይዛለሁ» ብሎ አበቃ። እህቱንም ሰውየው ይመጣል ወይ ብሎ አልጠየቃትም። እሷም ሳህን እያጠበች አንዴ በጎን አየችውና ፈገግ አለች። ያም ሆኖ ሐሙስ ሁሉ ቀላል አልነበረም። አንዳንዱን ሐሙስ ባለመስታወቱ ፊቱ ጠቁሮ ይመለስና እስከ መዝጊያ ሰዓት ቃል አይወጣውም። መርማሪው ያኔ መዝጊያውን ወለል አድርጎ ይከፍትና ሥራውን ይሠራል። በዚያው ሰሞን እትዬን ያስደነገጠ ሌላ ነገርም ተከሰተ፤ መርማሪው ጨርቁን በአየር ላይ ማርገፍገፉን ተወ። ከደንበኛው ፊት ይቆምና «ላስርልህ?» ይላል። አንድ አሮጌ ደንበኛ «ምን ልትሠራኝ ነው ታዲያ፣ ኦፕራሲዮን ልታደርገኝ?» አለው። መርማሪው ግን መልሱን ቆሞ ጠበቀ።

የባለመስታወቱ ፀጉር አደገ። ጆሮውን ሸፈነ፣ አንገትጌውን ነካ፤ ትንሿን መስታወት ግን አላነሳም። እትዬ መሬት መሬት እያዩ ያጉተመትማሉ፤ የፀጉር ቤት ሠራተኛ ጎፈሬ አብቅሎ! መርማሪው ምንም አላለም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ባለመስታወቱ መጥቶ የመርማሪውን ወንበር አሽከረከረና ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ አቆመው። በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ትንሿን መስታወት ይዞ ተቀመጠ።

«ጨርቅ አልፈልግም» አለ። «በቃ ካልኩህ ታቆማለህ።»

«አቆማለሁ።»

መርማሪው ከፊቱ ቆሞ ማሽኑን አሳየው። «ከቀኝ ልጀምር?» ጀመረ። ፀጉሩ በሸሚዙ ላይ ይወርዳል። ባለመስታወቱ በትንሿ መስታወት እጁን በዓይኑ ይከተላል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይረጋል፣ እንደገና ይፈጥናል። ቀኙ አለቀ። ማጅራቱ እኩሌታ ላይ ደረሰ። እትዬ ከቦታቸው ሆነው በእርካታ ያያሉ። በዚህ መሃል ሁለት ደንበኞች ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«በቃ» አለ ባለመስታወቱ።

ማሽኑ ጠፋ። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሳያልቅ ነው የጠፋው። መርማሪው እጁን አነሳ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ሰውየው ሊያየው ከሚችልበት ቆመ። የቀኝ ጎኑ ጥንቅቅ ብሎ ተቆርጧል፣ ግራው ጎፈሬ እንደሆነ ነው። ማራገቢያው ከላይ ያቃስታል። ባለመስታወቱ በትንሿ መስታወት ራሱን አየ፣ ከዚያ መርማሪውን አየ።

«አቆምክ» አለ።

«አቁም አልከኝ።»

ሰውየው ተነሳ። የሸሚዙን ፀጉር አራገፈ። ፊቱ ላይ መርማሪው በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አይቶት የማያውቀው ነገር ነበር፤ ደስታ ለማለትም ይከብዳል፣ እንደተገላገለ ሰው ያለ ነገር ነው። ኮፍያውን ከግድግዳው አላወረደም። «አየር ተቀብዬ ልምጣ» ብሎ በግማሽ ራሱ ፀሐይ ወደሞላው መንገድ ወጣ።

«አንተ!» አሉ እትዬ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ግማሽ ራስ ከቤቴ ወጣ! ጥራው! ምን ሆኖ ነው? ለምን ሳትጨርስለት ለቀቅከው?»

መርማሪው ማሽኑን አስቀመጠ። በክፍቱ በር የጓደኛው ጀርባ ይታየዋል፤ ጫማ ጠጋኙ በሩ ላይ ቆሞ በግማሽ ጎፈሬው ሲስቅበት፣ ባለመስታወቱም መልሶ ሲስቅ ይሰማል።

«በቃ አለኝ፣ እትዬ» አለ። «ቀሪውን ሲፈልግ ራሱ ይነግረኛል።»

ከዚያ ጨርቁን አንስቶ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ዞረና ላስርልህ ወይ ብሎ ጠየቀው።